የጾሙ ደርብ ከላይ

ቻይናው ዳቦ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ መጥረቢያ ነው። የሄድኩት ሊጥ ላቦካ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከራሴ እስከ እግሬ አየኝና፣ «መጀመሪያ እንጨት ፍለጪ፤ ሊጡ የትም አይሄድም» አለኝ። እስከ ረፋድ ድረስ ፈለጥኩ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ያን ጊዜ መጠየቅ የምችልበት ሁኔታ ላይ አልነበርኩም። ምክንያቱን እዚህ አልጽፍም፤ ከሥራው ጋር አይገናኝም።

የምጽፈው የሥራውን ነው። የምጽፈውም ያን ሥራ አስኪያጅ ባለፈው ዓመት አንድ ሰርግ ላይ ስላገኘሁት ነው። ጌታቸው ልበለው። ስሙን ለውጬዋለሁ፤ እሱ ግን ካነበበው ራሱን አያጣውም።

ጋምቤላ ክልል ከሆነ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። በየጊዜው አዲስ ቢሮ ይከፈታል። ቢሮ ሲከፈት ጸሐፊ፣ ሾፌር፣ ዘበኛ፣ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ይመጣል። ከደጋ የሚመጣው ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ነው። ከየወረዳው የሚመጣው አኝዋክና ኑዌርም ቢሆን ያው ነው። ይህ ሁሉ ሰው ጠዋት የሚበላው ይፈልጋል፤ ደመወዙ ደግሞ ትንሽ ነው። ይህን ከሁላችንም በፊት ያየው ቻይናው ነው።

ሚስተር ሹ እንለው ነበር። የመጣው ለመንገድ ሥራ ካምፕ ምግብ አብሳይ ሆኖ ነው። ጓደኞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ እሱ ቀረ። ለምን እንደቀረ ከተማው ብዙ ያወራ ነበር። እኔ አልጠየቅሁትም፤ እሱም የእኔን አልጠየቀኝም። ከገበያው ወደ ባሮ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ አንድ የቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ አራት ጠረጴዛ ዘረጋ።

የሚሸጠው ሦስት ነገር ነበር። አንደኛው በእንፋሎት የሚበስል፣ ሆዱ ውስጥ ሥጋ ወይም ጎመን ያለበት ነጭ ዳቦ ነው፤ ሕዝቡ ወዲያው «የቻይና ህብስት» አለው። ሁለተኛው ቆዳው የሳሳ፣ በአንድ ጉርሻ የሚያልቅ የአሳ ጥቅል። ሦስተኛው ስኳር የገባበት አደንጓሬ ተሞልቶ፣ ሰሊጥ ላይ ተንከባሎ በዘይት የሚጠበስ ጣፋጭ ነው። ሁሉም ርካሽ ነበር። አንድ ህብስትና አንድ ብርጭቆ ሻይ የያዘ ሰው እስከ ምሳ ሰዓት ቢሮው ይቀመጣል።

መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ ከመግዛቱ በፊት ይቀልድ ነበር። አንድ ሾፌር ህብስቱን ወደ ብርሃን አንስቶ፣ «እታለም፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ውስጡ እባብ ነው አይደል?» አለኝ።

«እባብ ውድ ነው፤ በዚህ ዋጋ አይገኝም» አልኩት።

ሳቀና ሁለት ጨመረ።

በቤቱ ውስጥ የሥራ ደረጃ ነበረ። ከታች እንጨት ፈላጭና ውሃ ቀጂ፤ ከዚያ አቡኪ፤ ከዚያ ሞይ፣ ማለት ሊጡን ዳምጦ ሥጋውን ወይም ጎመኑን ሞልቶ የሚጠቀልል፤ ከሁሉም በላይ እንፋሎቱን የሚይዝ ነው። እንጨቱን ሦስት ሳምንት ፈለጥኩ። አንድ ቀን አቡኪዋ ወባ ይዟት ቀረችና ቡሃቃው ባዶ ሆነ። ማንም ሳያዘኝ እጄን ታጥቤ ገባሁ። ሚስተር ሹ አየኝ፣ ሊጡን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ለቀቀው፣ ሊጡም ተመለሰ። ራሱን ነቀነቀና ሄደ። መጥረቢያውን ከዚያ በኋላ አልነካሁትም።

የጋምቤላ ሙቀት የሊጥ ጠላት ነው። ደጋ ውስጥ ከማታ እስከ ጠዋት የሚቆየው ሊጥ እዚህ ጀርባ እስኪዞር ኩፍ ብሎ ይኮመጥጣል። እርሾውን ደጋ ከሚደረገው ሲሶ አድርገን፣ እንስራ ውስጥ በቀዘቀዘ ውሃ እናቦካ ነበር። ሊጡን በትንሽ በትንሹ እንጂ በአንድ ጊዜ አናቦካም። ይህን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ጌታቸው ሰርጉ ላይ ይህንንም የራሱ አድርጎ ተናግሯል።

መጠቅለሉን ያስተማረኝ ሚስተር ሹ ነው። የሥጋው ህብስት አናቱ ላይ እንደ ቀሚስ ሽንሽን ይታጠፋል። የጾሙ እጥፉ ወደ ታች ተገልብጦ አናቱ ልሙጥ ይሆናል። እንዲህ የምናደርገው ገዢው ሳይቆርስ እንዲያውቀው ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ሽንሽኖቼን አንድ በአንድ ፈታብኝና መልሶ ሰጠኝ። አንድ ነገር ተናገረ። ጌታቸው እያስተረጎመ፣ «እጅሽ የእንጨት ፈላጭ እጅ ነው ይልሻል» አለኝ።

ጌታቸው ቻይንኛውን ካምፕ ውስጥ መጋዘን ሲጠብቅ የለቀመው ነው። ከእሱ በቀር ቋንቋውን የሚያውቅ ስላልነበረ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። እኛ ለሚስተር ሹ የምንለው ሁሉ በእሱ አፍ ያልፋል፤ ሚስተር ሹ ለእኛ የሚለውም እንደዚያው። አንድ ዓመት ቆይቼ የወጥ ቤቱን ቃላት ስለምድ ሚስተር ሹ ያን ዕለት ያለው «እንደገና» ብቻ እንደነበር ገባኝ። ስለ እጄ የተናገረው ጌታቸው ራሱ ነበር።

በዓመቱ እንፋሎቱ ላይ ወጣሁ። ሰፊ ብረት ድስት ውስጥ ውሃ ይፈላል። በላዩ ከቀርከሃ የተሠሩ፣ ወለላቸው እንደ ወንፊት ክፍት የሆነ ክብ ዕቃዎች ይደረደራሉ። አንዱ ባንዱ ላይ ስለሚደረብ እኛ ደርብ እንላቸው ነበር። እንፋሎቱ ከታች ተነስቶ ሁሉንም አልፎ በላይኛው ክዳን ይወጣል። ደርብ የሚጭነው አንድ ሰው ብቻ ነው። ተራ ሠራተኛ አይነካውም።

ሚስተር ሹ ያስተማረኝ ያለ አስተርጓሚ ነው። የሥጋ ደርብ ከላይ፣ ባዶ ሊጥ የያዘ ደርብ ከታች ጫነ። ሲበስል የታችኛውን ከፈተ። ነጩ ዳቦ ላይ ከላይ የተንጠባጠበ ብጫ ስብ ነበረ። ጣቱን ወደ ስቡ፣ ቀጥሎ ወደ ላይ ቀሰረና ራሱን ወዘወዘ። ገባኝ። ሥጋ ከታች፣ ጎመን ከላይ። እሱ ስለ ጾም የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ለጣዕሙ ሲል ነው። እኔ ግን ለምን እንደሚጠቅመን ወዲያው አየሁት። ደግሞ ሁለት ድስት ስለነበረን በጾም ወራት አንዱን ለጾም ብቻ አደረግሁት።

ከጾም ደንበኞቻችን ዋናው መምህር ተክሌ ነበሩ። የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ በዲቁና ያገለገሉ፣ በሁዳዴ አሳ እንኳ የማይቀምሱ ሰው። እሳቸው የበሉትን ሌላው የደጋ ሰው አምኖ ይበላል። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ይቀመጡና፣ «የሺ፣ ልሙጡን» ይሉኛል። ሌላ ቃል አይጨምሩም።

ያን ዓመት ሁዳዴ እኩሌታ ላይ የአንደኛው ድስት ቂጥ ተበሳ። ሚስተር ሹ ራሱ ተሸክሞት ወደ በያጅ ሄደ። በአንድ ድስት ቀረን። ሥጋውን ከታች፣ ጎመኑን ከላይ ጫንኩ። የማይጾም ደንበኛም ብዙ ስለነበረን ሥጋውን አናቋርጥም ነበር።

ጌታቸው መጣ። ከአንድ ቢሮ ለስብሰባ ሃምሳ የሥጋ ህብስት ታዝዟል፤ መኪናው በር ላይ ቆሟል። «ሥጋውን ከላይ አድርጊው» አለኝ። «ሲበስል ቶሎ ብድግ አድርገን እንድንሰጥ።»

«አይሆንም፤ ስቡ ጎመኑ ላይ ይወርዳል» አልኩት።

«ሰዎቹ ቆመው እየጠበቁ ስለ ስብ ታወሪኛለሽ?»

«ሚስተር ሹ የነገረኝ እንደዚህ ነው።»

«ሚስተር ሹ በእኔ አፍ ነው የሚናገረው። ሥራ አስኪያጁ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያው ጫኚ!»

ገለበጥኩት። በገዛ እጄ ነው የገለበጥኩት፤ ይህንን አልክድም። የጾሙን ደርብ ለጾመኛ እንዳይቀርብ ለብቻው አስቀምጠዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ ሃምሳውን ህብስት ስቆጥርና ሳሽግ ጌታቸው ራሱ የታችኛውን ደርብ አንስቶ ወደ ጠረጴዛዎቹ ወሰደው።

መምህር ተክሌ አንዴ ገመጡ። ሁለተኛ አልደገሙም። ህብስቱን አስቀመጡና በመሀረባቸው ከንፈራቸውን ጠረጉ፤ መሀረቡን አዩት፤ ተነሡ።

«የሺ፣ ምን አበላሽኝ?»

ከኋላ ያለው ጠረጴዛ ላይ አንዱ የገመጠውን እጁ ላይ ተፋው። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ጌታቸው ተናገረ።

«የዘይቱን ነገር ስጠረጥር ከርሜአለሁ» አለ። «ዘይቱን ወደ ቤቷ እያሸሸች ጎመኑን በሥጋ ጮማ ነው የምትጠብሰው ማለት ነው። ይቅርታ አድርጉልን መምህር። ዛሬውኑ ትሄዳለች።»

እንዲህ ያለ ውሸት ቶሎ ይታሰባል ብዬ አላምንም ነበር። አንድ ትንፋሽ እንኳ አልወሰደበትም። ሌባም አደረገኝ፣ ጾም አስፈቺም አደረገኝ። ሚስተር ሹ ሲመለስ ሁለቱ ብዙ ተነጋገሩ። እኔ የማውቃቸው ቃላት «ዘይት»፣ «ቤት» እና «እሷ» ብቻ ነበሩ። የራሴን ልናገር ስል ጌታቸው «እሺ፣ እሺ፣ እነግረዋለሁ» አለኝ። የነገረውን እግዜር ይወቀው። ሚስተር ሹ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ እጁን ዘረጋ። ሽርጤን ፈትቼ ሰጠሁት።

በጋምቤላ የደጋ ሰው ያን ጊዜ እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈሬ ገባ። ቧንቧ ስወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ከእንስራዬ አራቁ። የጽዋ ማኅበራችን መሪ፣ ሙሴ የምንላት፣ ቤቴ ድረስ መጥታ፣ ቆማ፣ «ነገሩ እስኪጣራ ባትመጪ ይሻላል» አለችኝ። ማን እንደሚያጣራው አልነገረችኝም። ሌላ ሥራ ፈልጌ ወደ ሁለት ሻይ ቤት ሄድኩ። የአንዱ ባለቤት ሳቁን እየዋጠ፣ «እኛ ጋ ጮማ የለም፣ ይቸግርሻል» አለኝ። ያን ሰው ከዚያ ወዲህ ሰላም ብዬው አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን አሪየት መጣች። አሪየት አኝዋክ ናት፤ ለጥቅሉ የሚሆነውን አሳ ከባሮ ዳርቻ በየጠዋቱ የምታመጣልን ሴት ናት። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ የምትናገረውም ከጥቂቱ ላይ ቆጥባ ነው። ወንበር ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም።

«ለምን ቤት ትቀመጫለሽ?»

«ተባረርኩ እኮ አሪየት።»

«እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ አሳ ይዤ። ‹ጫኚ› ብሎ ጮኸ። ሰምቻለሁ።»

«ለምን ያኔ አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። «አሁንም ብናገር፣ አሳ ሻጭ ምን ታውቃለች ይላሉ። የአንቺንም ቃል እሱ ነው የሚያስተረጉመው። ቃል ተዪ። ድስቱን አሳዪያቸው» አለችኝ።

የሰው ምክር እምብዛም አልወድም። ይህንን ግን ተቀበልኩ።

በማግስቱ ቤቱ በሚሞላበት ሰዓት ሁለታችን ገባን። መምህር ተክሌ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ ብቻ ይጠጡ ነበር፤ ያን ጠዋትም እዚያው ነበሩ። ቀጥታ ወደ ድስቱ ሄድኩ። ጌታቸው ከጠረጴዛው ዘሎ ተነሣ።

«የተባረረች ሴት ዕቃ አትነካም! ውጪ!»

ሚስተር ሹን አየሁት። ባዶ ሊጥ አንስቼ፣ ውስጡ ምንም እንደሌለ በሁለት እጄ ገልጬ አሳየሁት። ከዚያ ዞሬ ለጠረጴዛዎቹም አሳየሁ። ምን ላደርግ እንደሆነ ገብቶታል፤ የራሱ ትምህርት ነበር። ጌታቸው ክንዴን ሊይዝ ሲል ሚስተር ሹ መዳመጫውን በመካከላችን ዘረጋ። ጌታቸው ቆመ።

ባዶዎቹን አድቦልቡዬ ከታች ጫንኩ፤ የሥጋውን ከላይ። ክዳኑን ገጠምኩ። ቀሪው መጠበቅ ነው። ህብስት በጩኸት ቶሎ አይበስልም። ሰዉ እየተነሣ ድስቱን ከበበ። ያ እባብ ነው ወይ ያለኝ ሾፌር፣ «ቢሮ አርፍዳችኋል፤ ግን ማንም አይሄድም» ብሎ አንዳንዱን አሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ባይንጠባጠብስ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሥጋው ያን ቀን ቀይ ነበር፣ ጮማው ጥቂት ነው።

ሲደርስ የላይኛውን አንስቼ የታችኛውን ገለጥኩ። ከስድስቱ ባዶ ዳቦ አራቱ አናታቸው ላይ ብጫ ስብ ይዘዋል። አንዱን በሰሃን አድርጌ መምህር ተክሌ ፊት አስቀመጥኩና በቢላ ለሁለት ከፈልኩት። ውስጡ ነጭ ነው።

«ውስጡ ምንም የለም መምህር። ዘይት የለም፣ ጎመን የለም፣ ጮማ የለም። ስቡ ከላይ የመጣ ነው።»

ጎንበስ ብለው አዩት። በጣታቸው አልነኩትም። «ያን ዕለት ሥጋው ከላይ ነበር?»

«ከላይ ነበር። የጫንኩት እኔ ነኝ። አይሆንም ብዬዋለሁ፤ ያዘዘኝ እሱ ነው።»

«ማን ሰማ?» አለ ጌታቸው። «ማን አለ እዚያ?»

«እኔ» አለች አሪየት።

«አሳ ሻጭ!» ብሎ ሳቀ። «ምስክርሽ አሳ ሻጭ ናት?»

አሪየት ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀመጠች። «አሳዬን ከዓመት በላይ በላህ» አለችው። «ሸተተ ብለህ ታውቃለህ? የእኔ ነገር አይሸትም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሚስተር ሹ ሳቁ አልገባውም፤ ደርቡ ግን ገብቶታል። ወደ ላይኛው እየጠቆመ አንድ ነገር ጠየቀ። ማን እንደሆነ ሲጠይቅ የሚላትን ቃል ለምጃታለሁ። ጌታቸው ሊመልስለት አፉን ሲከፍት ሚስተር ሹ እጁን አንስቶ ዝም አሰኘውና እኔን አየኝ። ጌታቸውን በጣቴ ጠቆምኩ። አሪየትም ጠቆመች። ጽዋ ማኅበር ውስጥ በሰው ላይ ጣት መቀሰር ነውር ነው፤ ያን ቀን አልቆጠርኩትም።

ሚስተር ሹ ሽርጤን ከሚስማሩ አውርዶ ሰጠኝ። ያሰርኩት ራሴ ነኝ።

ጌታቸው አልተባረረም። ያለ እሱ ከግብር ሰብሳቢውም ከአከራዩም ጋር መነጋገር አይቻልም ነበር። ይቅርታም አልጠየቀኝም። በኋላ ወደ አንድ ቢሮ ገባ፣ ወንበሩም ከፍ እያለ ሄደ። መምህር ተክሌም ይቅርታ አልጠየቁኝም። «ነፍስ አባቴ ጋ ሄጃለሁ፤ ቀኖናዬን ጨርሻለሁ፤ አንቺም የራስሽን ጨርሺ» አሉኝ። ጨረስኩ። ከዚያ ወዲያ ልሙጡን ሲያዙ ከበሩ አጠገብ ተነሥተው ድስቱ ድረስ ይመጡና ደርቡን በዓይናቸው አይተው ይመለሱ ነበር። አልተቀየምኩም ማለት አልችልም። ግን አብሬአቸው ቆሜ አሳየሁ። ሌላው የደጋ ሰው በእሳቸው ዓይን መብላት ጀመረ። የማኅበራችን ሙሴም «ነይ» ብላ ላከችብኝ። አንድ ወር አስጠብቄ ሄድኩ።

ሚስተር ሹ አገሩ ሲገባ አራቱን ደርብ ለእኔ ተወልኝ። ቀርከሃው እስኪላላ ሠራሁባቸው፤ ሲላላም እዚሁ አሠርቼ ተካሁ። ሁለት ሴቶች አስተምሬአለሁ፤ ሁለቱም ዛሬ የራሳቸው ቤት አላቸው።

ሰርጉ ላይ ጌታቸው ከሙሽራው አጎቶች ጋር ተቀምጦ፣ ስብ ወደ ታች እንደሚወርድ ያገኘው እሱ እንደሆነ፣ አንዲት ደንቆሮ ሠራተኛ ሰው ልታስገድፍ ስትል እንዴት እንዳዳነ ይተርክ ነበር። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ሰርጉ የሰው ነውና ዝም አልኩ። እሱ ያልተረከውን አንድ ነገር ግን እዚህ አስፍሬ ልጨርስ።

ወደ ሥራ በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት ድስቱ ብየዳው ለቀቀና እንደገና በአንድ ቀረን። ሁዳዴ አላለቀም። ጌታቸው መጣ። «እንግዳ አለ፤ ሥጋውን ከላይ አድርጊው» አለኝ።

ደርብ የምይዝበትን ጨርቅ አጥፌ ዘረጋሁለት። «እርስዎ ይጫኑት» አልኩት።

ጨርቁን አየ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጡትን መምህር ተክሌን አየ። «እኔ ሌላ ሥራ አለብኝ» ብሎ ወጣ። የጾሙ ከላይ ሆነ።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምለው ይኸው ነው። ስብ ወደ ታች ይወርዳል። የጾሙ ከላይ ይጫናል፣ የሥጋው ከታች። ገልብጪ የሚል ሰው ከመጣ ጨርቁን ስጡት።